ያለ ዋስ የሚሸጥ መስቀል፦ የገበያና የዕቃ ቤት ጥበቃ ከወገዳ እስከ ሉቭር

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ብር ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ያጣራል። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል፤ ከዚያ ሻጩን «ዋስህ ማን ነው?» ይለዋል። የሚታወቅ ሰው መጥቶ ከብቱ የሻጩ መሆኑን ካልመሰከረ፣ ነገር ቢመጣም እኔ አለሁ ካላለ ሽያጩ አይጸናም። የተሰረቀ በሬ የገዛ ሰው በሬውንም ብሩንም ያጣል፤ ሲብስም በሌባ ተባባሪነት ይጠረጠራል።

ከዚሁ ምድር የወጣ የብራና መጽሐፍ ወይም የነሐስ መስቀል ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር፣ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከዚያም ባሕር ሲሻገር ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ገዥው የቅጠሉን ብዛት ይቆጥራል፣ የሥዕሉን ቀለም ያደንቃል፣ ዋጋ ይከራከራል፤ «የማን ነው? ማን ያውቅልሃል?» ሳይል ይዞ ይሄዳል። ለበሬ የተሠራው ሥርዓት ለመስቀል አልተሠራም። ስለ ታሪካዊ ገበያዎችና ስለ ሙዚየሞች ጥበቃ ሲነሳ አእምሯችን ወደ ካሜራ፣ ወደ ጠመንጃና ወደ ብረት በር ይሮጣል። ይህ ዳሰሳ የሚያስረዳው ግን ከሁሉም የሚቀድመው ምስክርና መዝገብ መሆኑን ነው።

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርዱ አገሮች ናቸው። በላይኛው ደጋ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድም በመካከሏ ያልፋል። ወደ ታች አርብ ገበያ፣ ወገዳ ከተማና መካነ ኢየሱስ አሉ። ሁሉም ከወረዳ ከተማነታቸው በፊት የገበያ ቦታዎች ነበሩ።

የአካባቢው ሙዚየም የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው። ብራናው፣ የመጾር መስቀሉ፣ ጽዋውና ጻሕሉ፣ ጽናው፣ ድባቡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ገበታ ሥዕል የሚኖሩት እዚያ ነው። ከአካባቢው ደብሮች ውስጥ ስሙ ከሁሉ የሚጠራው የጋይንቱ ቤተ ልሔም ነው። የድጓ መምህር ለመሆን የፈለገ ደቀ መዝሙር የትም ተምሮ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ ትምህርቶች ደግሞ በዚያው በጋይንት ምድር ባለው በዙር አባ ይመሰከራል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ወደ ቤተ ልሔም ዘልቆ ያየውን በኋላ በመጽሐፍ ሲያሳትም የውጭው ዓለም ተደነቀ። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን ያለው ነበር፤ ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃ ተሸሽጎ ኖሯል። ለጥበቃ ሰው ይህ ሕንፃ ሁለት ነገር ያስተምራል። ዝቅ ብሎ መታየት ራሱ መከለያ ነው፤ ብዙ ዘመን ከዘራፊ ዓይን ያዳነው የሣሩ ክዳን ነውና። ያው ሣር ግን አንድ ጧፍ ወይም አንድ መብረቅ ሲነካው ሁሉን ይዞ ይነዳል።

ገበያውም በራሱ መንገድ ቅርስ ነው። ከብት ተራ፣ እህል ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ እየተባለ የተከፈለው ሜዳ ማንም መሐንዲስ አልነደፈውም። ሆኖም ክፍፍሉ የጥበቃ ሥራ ይሠራል። ያው ሴት በዚያው ድንጋይ አጠገብ ለዓመታት ቅቤ ስትሸጥ ጎረቤቷ ያውቃታል፤ እንግዳ ሰው አዲስ ዕቃ ይዞ መካከላቸው ቢቀመጥ ሁሉም ዘወር ብሎ ያየዋል። ገበያን ለማዘመን ሲባል ነጋዴውን በዕጣ እያቀላቀሉ አዲስ ሼድ ውስጥ መበተን ይህን የቆየ ዓይን ያጠፋል።

የቀደመው ጥበቃ

ድሮ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር፤ ሕጉ ለሕዝብ የሚደርሰው በዚያ ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤጌምድር ውስጥ እንደ ይፋግና ደሪጣ ያሉ ገበያዎች ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባቸው ነበሩ። በእንዲህ ያሉ ገበያዎች ነጋድራሱ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴዎችን ክርክርም ይዳኛል። ከገበያው ደኅንነት ገቢ የሚያገኝ ባለሥልጣን ነበርና ለሰላሙ የሚጨነቅበት ምክንያት ነበረው።

ንብረት ሲጠፋና ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራል፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪገለጥም ወደ ሥራው አይመለስም። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በስውር ይነግራል፤ የተናጋሪው ስም አይወጣም፣ «ወፍ ነገረን» ይባላል እንጂ። ዛሬ ፖሊስ ስሙን ሳይናገር ለሚጠቁም ሰው የስልክ ቁጥር ያዘጋጃል፤ አሳቡ ያው ነው።

ከዚሁ ጎን ሌባ ሻይ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተጎዳ መገመት አይከብድም፤ ኋላም ተከለከለ። ዛሬ በገበያ ቀን «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ በደቦ የሚደበደበው ሰው የዚያው ልማድ ርዝራዥ ነው። ማስረጃ የሌለው ጥበቃ ሌባውን ያስመልጣል፣ ያልሰረቀውን ያቆስላል።

የዕቃ ቤቱ ሥርዓት ከገበያው የጠበቀ ነበር። ኃላፊው ቄሰ ገበዙ ነው። በብዙ ደብሮች ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ አይቀመጥም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ካልተገኘ በሩ አይከፈትም። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ምእመናን በደብሩ ንብረት ላይ የቁጥጥር ድርሻ እንዲኖራቸው አድርጓል። ከዚያ በፊትም ቢሆን መዝገብ ያልነበረ አይምሰለን። በብዙ ጥንታዊ ወንጌሎች መግቢያና መደምደሚያ ገጾች ላይ የደብሩ መሬት፣ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ተጽፎ፣ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ ሰው እንዲወገዝ ተደርጓል። ይህ የቅርስ ቆጠራ፣ የባለቤትነት ማረጋገጫና የቅጣት ማስጠንቀቂያ በአንድ ገጽ ላይ የተጻፈበት ሰነድ ነው። ሌባ ሲሰርቅ መጀመሪያ የሚቀድደው ወይም የሚፍቀው ያንን ገጽ መሆኑ ዋጋውን ያሳያል።

ሌሎች ሁለት ጥበቃዎች ደግሞ ጥበቃ ተብለው አይጠሩም። አንደኛው የንግሥ በዓል ነው። በጥምቀትና በደብሩ ዓመታዊ በዓል መስቀሉና ድባቡ በሺህ ሰው ፊት ይወጣል፤ አንዱ ቢጎድል ወይም በሌላ ቢተካ የሚያስተውል አረጋዊ አይጠፋም። ሁለተኛው የአብነት ተማሪው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ፣ ሌሊት ዜማ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ ነው። ጉባኤው ሲበተንና ጎጆዎቹ ባዶ ሲቀሩ ደብሩ የሌሊት ዓይኑን ያጣል። በእርግጥ ተማሪ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም ነው፤ ስለዚህ መምህሩ ማን ከየት እንደመጣና መቼ እንደሄደ የሚጽፍበት ደብተር ቢኖረው ዘበኛነቱ ሙሉ ይሆናል።

የሄደው እንዴት ሄደ?

ቅርስ ከአገር የሚወጣበትን መንገድ ለማወቅ አራት ታሪኮች ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ የተለየ ቀዳዳ ያሳያል።

የመጀመሪያው መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያት ሰብስበው ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ፣ በጋይንት በኩል ገደሉን እየደለደሉ መቅደላ ገቡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ያ ሁሉ ሀብት በአንድ ከሰዓት ወደ ሌላ እጅ ገባ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል ብራናዎች ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ከጦሩ ጋር የዘመተው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሥዕሉንና ክብረ ነገሥቱን እንዲመልሱላቸው እንግሊዞችን ጠይቀው ያገኙት መጽሐፉን ብቻ ነው። የዚህ ታሪክ ትምህርት ከዘራፊው ክፋት ያልፋል። በብዙ ደብር ተበትኖ የነበረው በአንድ አምባ ሲከማች አንድ ሽንፈት ሁሉን ወሰደው። ዛሬም «ከየገጠሩ ሰብስበን በአንድ ማዕከል እናስቀምጥ» የሚል አሳብ ሲቀርብ መቅደላን ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው የጎንደሩ አባ እንጦንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ጉዞ ጎንደር ሳለ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕሎች ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ ቅጂ ሠርቶ ለጠፈ። ኦሪጅናሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። እዚህ በር አልተሰበረም፤ ቅርሱ የወጣው ከደብሩ ሰዎች ጋር በተደረገ ስምምነት፣ ያረጀን በአዲስ በመለወጥ ስም ነው። ዛሬም ጣራ ላሳድስ፣ ቆርቆሮ ላልብስ፣ አዲስ ሥዕል ላሥል እያለ በምላሹ «ያቺን አሮጌ» የሚል ሰው ሲመጣ ጥያቄው አዲስ አይደለም።

ሦስተኛው የላሊበላው አፍሮ አይገባ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝነው ይህ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ውስጥ አንድ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ለመመለሱ ትልቁ ምክንያት መታወቁ ነው። ፎቶው በየመጽሐፉ የታተመ፣ ምእመናንና የዓለም ጎብኚ ያየው መስቀል ስለነበር «የእኛ ነው» ለማለት ክርክር አላስፈለገም።

አራተኛው የትግራዩ ጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከደብሩ ጠፋ፤ ሮተርዳም ይኖር በነበረ ኢትዮጵያዊ ቤት ለ21 ዓመት ተደብቆ ከኖረ በኋላ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ይህም የተመለሰው ዘውዱን ያወቀ ሰው ስለያዘውና አሳልፎ ስላልሰጠው ነው። በአንጻሩ ስሟ የማይታወቅ አንዲት የስማዳ ገጠር ደብር የእጅ መስቀል ብትጠፋ የሚያውቃት ማን ነው? ፎቶ የላትም፣ ልኳ አልተጻፈም። ነገ በአንድ የአውሮፓ ጨረታ ካታሎግ ላይ ብትወጣ ቄሱ ራሱ ቢያያት እንኳ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።

የትልልቆቹ ሙዚየሞች ውድቀት

ገንዘብና መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ ማለት ይቀናናል። ገንዘቡም መሣሪያውም ያላቸው ግን እንዴት እንደተዘረፉ ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1990 ቦስተን በሚገኘው ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም በር ላይ የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሌሊት መጡ፤ ዘበኛው ራሱ ከፈተላቸው። ዘበኞቹን አስረው 13 የጥበብ ሥራዎች ወሰዱ። 10 ሚሊዮን ዶላር ለጠቋሚ ቢታወጅም እስከ ዛሬ አልተገኙም። የተሸነፈው መዝጊያው ሳይሆን «ሌሊት ለማን ይከፈታል?» የሚለው ደንብ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2025 ደግሞ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም በጠራራ ፀሐይ ተደፈረ። ሌቦቹ የቤት ዕቃ ማውጫ መሰላል የተገጠመለት መኪና አቁመው በሰገነቱ በኩል አፖሎ አዳራሽ ገቡ፤ መስታወት ቆርጠው ስምንት የዘውድ ጌጣጌጦች ይዘው ሲወጡ ስምንት ደቂቃ አልሞላም። ኋላ እንደተነገረው በዚያ ጎን ያለው የውጭ ካሜራ ሰገነቱን በሚያሳይ አቅጣጫ አልተተከለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲነድ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአቅራቢያው ካሉት ቧንቧዎች ውኃ አጡ፤ ከ20 ሚሊዮን ገደማ ስብስብ አብዛኛው ጠፋ።

የዘርፉ ባለሙያዎች ጥበቃን በሦስት ሥራ ይከፍሉታል፦ ሌባውን ማዘግየት፣ መምጣቱን ማወቅና መድረስ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የዕቃ ቤቱን በር ለመስበር አሥር ደቂቃ የሚበቃ ከሆነ፣ ጎረቤት ሰምቶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ደብሩ ያለ ጥበቃ ነው፤ ሦስት ካሜራ ቢሰቀልበትም እንኳ። ሌባው ሲሄድ ቪዲዮ ይቀራል እንጂ መስቀሉ አይቀርም። በሩን ማጠንከር የሚያዘገይበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ ዘበኛውና ውሻው የሚታወቅበትን ያቀርባል፤ ደወሉና የመንደሩ ስምምነት የሚደረስበትን ያሳጥራል። ገንዘብ ሲገኝ ሦስቱን ማመጣጠን እንጂ አንዱን ብቻ ማግዘፍ አይጠቅምም።

በገጠር ደወል ከሁሉ የረከሰ የአደጋ ጥሪ ነው። ከጸሎት ሰዓት ውጪ፣ በተለየ አመታት ሲደወል ምን ማለት እንደሆነ መንደሩ አስቀድሞ ቢስማማ፣ ማን ወደ በሩ እንደሚሮጥ፣ ማን መውጫ መንገዱን እንደሚዘጋ ቢከፋፈል ኡኡታው ትርጉም ይኖረዋል። ያለ ስምምነት የሚደወል ደወል ሰውን ሁሉ ወደ አንድ በር ይሰበስባል፤ ሌባው በሌላው ይወጣል።

ገበያው፦ እሳት፣ ሕዝብና መኪና

ታሪካዊ ገበያን ከሌባ ይልቅ የሚያጠፋው እሳት ነው። የኢስታንቡል ታላቁ ገበያ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፤ መካከሉ ላይ ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት በድንጋይ የተገነባ የራሱ ምሽግ አለው፣ ዙሪያው በሮች ያሉት ሲሆን ማታ ይዘጋል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1954 በእሳት ክፉኛ ተጎድቷል። የሶርያዋ አሌፖ ጥንታዊ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጦርነት መካከል ነደደ። የእኛው መርካቶም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰበት ቃጠሎ ከአእምሮ አልጠፋም። በሁሉም ቦታ የሚደጋገመው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ የተጣበበ መተላለፊያ፣ የተደራረበ ጨርቅና ፕላስቲክ፣ ሥርዓት የሌለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ውኃ የጫነ መኪና የማያስገባ ቅያስ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበያዎች አብዛኛው ክፍል ሜዳ መሆኑ ከዚህ ያድናቸዋል፤ አደጋው ያለው በሜዳው ዙሪያ በተደረደሩት የእንጨትና የቆርቆሮ ሱቆች ላይ ነው። በጀሪካን ቤንዚን የሚሸጠው፣ ብየዳ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና ጨርቅ መደብሩ ግድግዳ ሲጋሩ አንድ ብልጭታ በቂ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ነዳጅ ሻጩን ከተራው ማራቅ፣ በየጥቂት ሱቁ መካከል ክፍት ቦታ መተው፣ አሸዋና ውኃ የሞላ በርሜል ማኖርና ማታ የሚዞር ዘበኛ በጋራ መቅጠር ነው።

ሌላው መኪና ነው። ወረታን ከወልድያ ያገናኘው መንገድ ለነፋስ መውጫ ገበያ ሕይወት ሰጥቷል፤ የጭነት መኪናንም በሕዝብ መካከል አሳልፏል። በአውሮፓ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በርሊን ውስጥ በጭነት መኪና ከተፈጸመው ጥቃት በኋላ የበዓል ገበያዎች ዙሪያቸው በሲሚንቶ ብሎክ ተከበበ። ለእኛ ፍሬን የበጠሰ መኪና ከአሸባሪ ይልቅ የቀረበ አደጋ ነው፤ ድንጋዩ ግን ለሁለቱም ያገለግላል። በገበያ ቀን ሻጩ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ እንዳይዘረጋ የሚከለክል የድንጋይ ድርድር፣ የከብት መግቢያና የሰው መግቢያ ተለይቶ መሠራቱ ከዘበኛ ብዛት ይበልጣል። ለኪስ አውላቂና ለሐሰተኛ ብር ደግሞ የሚሻለው ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቋሚ ቦታ ነው፤ የጠፋ ልጅ የሚወሰድበት፣ የተጠረጠረ ብር የሚታይበት፣ ሚዛን የሚመሳከርበትና ሚሊሻው የሚቆምበት።

ገበያና ዕቃ ቤት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የተሰረቀ ቅርስ ከደብሩ ወጥቶ በመጀመሪያ የሚያርፈው በቅርብ ከተማ ደላላ እጅ ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በጭነት መካከል ተሸጉጦ ኬላውን ያልፋል። የኬላ ጠባቂው ጫትና ጥይት ይፈልጋል፤ በነጠላ የተጠቀለለ ብራና ግን የጸሎት መጽሐፍ ነው ቢባል አይገርመውም። ካህን የራሱን ዳዊት ይዞ ቢጓዝ መብቱ ነውና ፍተሻው አስተዋይነት ይጠይቃል። የሚጠየቀውም አጭር ነው፦ የየትኛው ደብር ነው? የሚያውቅልህ ማን ነው? ለበሬው የተለመደው ዋስ እዚህ ቢለመድ ብዙ መንገድ ይዘጋል።

መዝገብ፦ የቅርስ ዋስ

ዋስ ሰው ብቻ አይደለም፤ ወረቀትም ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል። ተፈጻሚነቱን የሚከታተለው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው ተቋም ነው። በዓለም ደረጃ ኢንተርፖል ከ50,000 በላይ የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች የያዘ መዝገብ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም ማንም በእጅ ስልኩ ሊያየው ይችላል። ወደዚያ መዝገብ የሚገባው ግን ፎቶና ዝርዝር ያለው ዕቃ ነው። በቃል የሚነገር ኀዘን አይመዘገብም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ ቅጂ አኖረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎጉን ለብዙ ዓመታት አዘጋጅተዋል። በኋላ ዘመን የጠፋ መጽሐፍ ቢያንስ ቃሉና መልኩ ተርፏል። ይህ ሥራ ያልደረሰባቸው ደብሮች ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

ለአንድ የእጅ መስቀል ምዝገባ የሚያስፈልገው ይህ ነው። መስቀሉን በጥቁር ጨርቅ ላይ ያስቀምጡታል፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ያኖራሉ። ፊቱን፣ ጀርባውንና እጀታውን በቀን ብርሃን ያነሡታል። ቁመቱን፣ ስፋቱንና ክብደቱን ይጽፋሉ፤ ከምን እንደተሠራ፣ ጽሑፍ ካለው ቃሉን እንዳለ ይገለብጣሉ። ከዚያ ከሁሉ የሚበልጠውን ይጨምራሉ፦ ጉድለቱን። የቀኝ ክንዱ ጫፍ ተሰብሮ በብር መጠገኑን፣ መካከሉ ላይ ጭረት መኖሩን፣ ከታች አንዱ ቀለበት መጉደሉን። አንጥረኛ አንድ ዓይነት መስቀል ደጋግሞ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ዓይነት ስብራት ግን ሁለት ጊዜ አይገኝም። ቁጥሩ የሚጻፈው በካርዱ ላይ ነው፤ በመስቀሉ ላይ መቅረጽ ራሱ ጉዳት ነው።

መዝገብ የራሱ አደጋ አለው። ዝርዝሩና ፎቶው በሌባ እጅ ከገባ መመረጫ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይበቃል፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በባህል ጽሕፈት ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲ። ታቦት አይመዘገብም፣ ፎቶም አይነሣም፤ ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ መናገር ካህናቱን ለቀሪው ሥራ ያግባባል። የውጭ እንግዳ ፎቶ ማንሣቱ ሌባ አስከትሎብናል የሚል ስጋት በብዙ ደብር ስለሚሰማ ካሜራውን የሚይዘው የአካባቢው ልጅ ቢሆን ይመረጣል።

ጦርነት ሲመጣ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፖሊስና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይዘጋሉ፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ዘበኛው ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያን ከግራኝ ዘመን ጀምሮ የምታውቀው መልስ መደበቅ ነው፤ ዋሻ፣ ገደል፣ መቃብር ቤት፣ የምእመን ጎተራ። ዘዴው ብዙ አድኗል። ቀዳዳውም ግልጽ ነው፤ የደበቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እሱ ከሞተ ቅርሱ አብሮት ይቀበራል። እርጥብ ዋሻ ውስጥ የከረመ ብራናም ሻግቶ ይወጣል። ስለዚህ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ቦታውን ቢያውቁ፣ መጽሐፉ በደረቅ ጨርቅና በእንጨት ሳጥን ቢቀመጥ፣ ምን የት እንደተደበቀ የሚገልጽ የታሸገ ወረቀት ከአካባቢው ውጪ ቢኖር፣ ሰላም ሲመጣም ሁሉም በምስክር ፊት ተቆጥሮ ቢመለስ ይበጃል። ብዙ ዕቃ የሚጠፋው በመደበቁ ጊዜ ሳይሆን በመመለሱ ጊዜ ነው፤ ምን እንደወጣ ያልጻፈ ምን እንዳልተመለሰ አያውቅም።

ከየት ይጀመር?

አቅሙ ውስን የሆነ ደብር የሚያወጣው ብር ቅደም ተከተል ቢኖረው እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ቆጠራ፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ይበቃዋል። ቀጥሎ የቁልፍ ደንብ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ የመክፈቻ ቀንና ምክንያት የሚጻፍበት መዝገብ፣ ሌሊት ለማንም የማይከፈት በር። ሦስተኛ በሩና መስኮቱ፤ ወፍራም ሳንቃ፣ የብረት ፍርግርግ፣ ግድግዳ ላይ የተቀበረ ካዝና። አራተኛ የደወልና የተረኛ ስምምነት ከመንደሩ ጋር፣ ለዘበኛውም በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ፤ በትንሽ ብር ለወራት የተረሳ ዘበኛ የደላላ የመጀመሪያ ወዳጅ ነውና። አምስተኛ እሳት፤ ሣር ክዳን ባለበት ጧፍ የሚበራበትን ቦታ መወሰን፣ ውኃ ማዘጋጀት። የፀሐይ መብራትና ካሜራ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩ ያልታወቀ ዕቃ ቤት ላይ የተሰቀለ ካሜራ ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም።

ገበያው ላይ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ሚሊሻውና የነጋዴ ኮሚቴው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከትልቅ በዓል በፊት፣ ሜዳውን በእግር ዞረው ቢያዩ ግማሹ አደጋ ይገለጣል፦ የትኛው መተላለፊያ እንደተዘጋ፣ ነዳጁ የት እንዳለ፣ ሻጩ የት አስፋልት ላይ እንደወጣ። በዕቃ ቤቱ በኩል ደግሞ ሰበካ ጉባኤው በየዓመቱ ሒሳብ እንደሚያቀርብ ሁሉ የቅርስ ቆጠራውንም ለምእመኑ ቢያቀርብ ሕዝቡ ባለቤትነቱን ይለማመዳል። ብዛቱ ይነገር፣ ዝርዝሩ ይጠበቅ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅም የውጭ ርዳታም አይጠበቅም፤ የሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አንድ አጀንዳ ብቻ ቢጨምር ይበቃል።